ግሌኒስና የሚረሳው ሣጥን

ግሌኒስ ፕሮበርት ሃያ ስድስት ዓመት የቆዳ ጓንት ስትሰፋ ኖራ ፋብሪካው ሲዘጋ እኛ ዘንድ ተቀጠረች። አለቃችን ግዊሊም የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ማስተማሩን ትቶ፣ እዚሁ ዌልስ፣ ከሸለቋችን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ከቤት ኮምፒውተር ኋላ የሚሰካ የማስታወሻ ሣጥን ማምረት ጀመረ። ስድስት ሴቶች ቀጫጭን ሽቦ እንበይድለት ነበር።

የግሌኒስ እጅ ለጉድ ነው፤ ነገሩ ግን አልገባት አለ።

«አንተ ግዊሊም፣ ይሄ ሣጥን ምኑን ነው የሚያስታውሰው?»

«የተጻፈለትን ነዋ፣ ወይዘሮ ግሌኒስ።»

«ኮምፒውተሩ ሲጠፋስ?»

«ሁሉንም ይረሳል።»

«ታዲያ ምኑን አስታወሰው! ሟቹ ባሌ ይሻላል፤ እሱ ሰክሮም የቤቱን መንገድ አይረሳም ነበር።»

እኛ ሳቅን፤ እሷ የምሯን ነው።

በፈረንጆቹ 1982 ጸደይ ላይ ሣጥኖቹ «አይሠራም» እየተባሉ በፖስታ ይመለሱ ጀመር። ግዊሊም ይሰካቸዋል፤ ይሠራሉ። ይልካቸዋል፤ ይመለሳሉ። ግራ ገብቶት ጢሙን መላጨት ተወ።

ከተመለሱት የአንዱ አድራሻ ቅርብ ነበር። ግሌኒስ ማንንም ሳታማክር ሣጥኑን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ባለቤቱ ኤምሊን የሚባሉ ጡረተኛ የከሰል ቆፋሪ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ስም ዝርዝር በኮምፒውተር ይጽፋሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ አየች። ፊደል በመቱ ቁጥር ሣጥኑ ይነቃነቃል፤ ድንገት የኮምፒውተሩ ማያ ባዶ ሆነ።

«ይኸው! ግማሹ መዘምራን ጠፋ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

ለካ ግዊሊም ሲሞክር ሰክቶ ያየዋል እንጂ አይጽፍበትም ነበር፤ ሣጥኑ ሲነቃነቅ መሰኪያው እንደሚላቀቅ በምን ይወቅ! ግሌኒስ ከቦርሳዋ የጓንት ቆዳ ቁራጭ አውጥታ፣ አጥፋ ከሣጥኑ ሥር ወሸቀችው። ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ከየሣጥኑ ጋር አንድ የቆዳ ቁራጭ እንልክ ነበር፤ የሚመለስም ጠፋ። በዓመቱ ግን በቂ ማስታወሻ በሆዱ የያዘ አዲስ ኮምፒውተር ወጣና የእኛን የሚገዛ ሰው አልተገኘም። ግዊሊም ሰበሰበን።

«እንዘጋለን» አለ።

«አሁን እኮ ነው ደህና የሠራነው!» አለች ግሌኒስ። «ደህና ስንሠራ ነው እንዴ የሚዘጋው?»

ግዊሊም የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «እኔም አልገባኝም» አለ።

ግሌኒስ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆና እስከ ጡረታዋ ሠራች። ከብዙ ዓመት በኋላ አውቶቡስ ላይ አገኘኋትና፣ «ለመሆኑ ያ ሣጥን ውስጡ ምን ነበረው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ውይ፣ አንቺም አታውቂም?» አለችኝ ደንግጣ።