ኩፍኝ ያለበት ቤት አገባብ

በዋግ ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ የለም። ይህን የምለው እኔው ነኝ፣ ግን እስካሁን የተከራከረኝ ሰው አልመጣም። ትምህርት ቤት ሳልሄድ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ ማንበብ ቻልኩ፤ ኽምጥኛውን ከእናቴ ጡት ጋር ጠባሁት። ጤና ባለሙያ ከሰቆጣ ወደ ገጠር ሲወጣ የሚጠራው እኔን ነው።

ያን ጊዜ የተጠራሁት ለኩፍኝ ነበር። ሰሊጥ ሊያጭዱ መተማ ወርደው፣ በአንድ አይሱዙ ተጭነው ደሃና የተመለሱ ወጣቶች ተራ በተራ ይወድቁ ጀመር። የምትመረምረው ነርስ ገና ያላገባች፣ ቁጥብ ልጅ ናት። ማንን ከማን እንደያዘው ተከታትላ መነሻውን ማግኘት አለባት። ሰዉን ማናገር የእኔ ፋንታ ነው። በመንገዳችን ምላሴ የማይከፍተው በር እንደሌለ ነገርኳት። እሷ ዳገቱን ቀድማኝ ወጣች።

መጀመሪያ ታሟል የተባለው ልጅ ቤት ስንደርስ እናቱ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ልጇ ወደ ሥራው ተመልሷል አለችኝ። በሩ ላይ ግን ጋቢ ተጋርዷል፤ የምሳዋ ድስትም ጎረቤት ግቢ ነው የተጣደው። በእኛ አገር ኩፍኝ የያዘው ሰው ቁሌት ከሸተተው ይብስበታል ስለሚባል እዚያ ቤት ሽንኩርት አይቁላላም። ልጁ ውስጥ እንዳለ ለነርሷ በጆሮዋ ነገርኳት።

ከዚያ ቀልዴን አመጣሁ። ነርሷን እያሳየሁ፣ ለልጅሽ ሚስት ይዤልሽ መጣሁ አልኩ። ሴትዮዋ ግብር ልሰበስብ የመጣሁ ያህል አየችኝ።

ነርሷ ቀስ ብላ ዓይኑ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። እኔም ጥያቄዋን ወደ ኽምጥኛ መለስኩት። የእናትየው ፊት ተለወጠ። ዓይኑ ተጣብቆ አልገለጥ ካለ ሰንብቷል። በዚያው ይቀር ይሆን? አለች። ነርሷ አልዋሸቻትም፤ ዝም ከተባለ ሊጠፋ ይችላል፣ ታጥቦ ቅባት ቢደረግለት ይሻላል አለች። መርፌ እንደማትወጋም ማለችላት፣ መርፌ ኩፍኝን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል ተብሎ ስለሚፈራ።

እናትየው እሺ አለች፣ ደንቡን ግን አልለቀቀችም። ከፀሐይ የመጣ ሰው እስኪበርድለት ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ይታጠባል። ከትዳር ጓደኛው ጋር ያደረ አይገባም። ነርሷ ሁሉንም ተቀበለች፤ ኩፍኙ በልጅነታችን ስለወጣልን እሱን አልፈራንም። ታጥበን ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ነርሷ እንዳላገባች ለእናትየው ስነግራት አሳለፈቻት። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? ማታ ከሚስትህ ጋር አድረሃል?»

በዚህ ጉዳይ በየጠላ ቤቱ የፎከርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የልጁ ዓይን ግን ጋቢው ማዶ ነው።

«የለም እታለም። ተኮራርፈናል። እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ መደቡ ላይ ነን።»

«ምን አድርገሃት ነው?» አለ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ።

«ወሬህ በዛ ብላኝ ነው፣ አባቴ።»

ግቢው ሳቀ። ሴትዮዋ ሳትስቅ ጋቢውን ገለጠችልን።

ውስጡ ጨለማ ነው። ነርሷ ዓይኑን በንጹሕ ውሃና በጥጥ ስትጠርግለት፣ ቅባቱን ስትቀባው፣ ልጁ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ከዚያ የመኪናውን ነገር ጠየቅነው። የጀመረው እሱ አልነበረም። እዚሁ ዋግ ካለው ዝቋላ የሆኑ ሁለት ልጆች እየሳሉና ዓይናቸው ቀልቶ አጠገቡ ተጭነው መጥተው፣ መገንጠያው ላይ ወርደዋል።

እዚያው መንደር አድረን ጠዋት ሄደን አየነው። አንደኛው ዓይኑ ተገልጧል፤ ሌላውም በስሱ ከፈት ብሏል። በጋቢው ጠርዝ በምትገባው ብርሃን ዓይኑን አጥብቦ ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ።

«እማ፣ ትናንት ያወራ የነበረው ይኼ ነው? በድምፁ ግዙፍ ሰው መስሎኝ።»

እናትየው ያኔ ሳቀች፣ መሬት እስክትቀመጥ። በሕይወቴ ብዙ ሰው አስቄያለሁ፣ ይህኛውን ሳቅ ግን ለልጁ እሰጠዋለሁ። ነርሷ ቅባቱን እንዴት እንደምትቀባው አሳየቻት፤ ከዚያ ወደ ዝቋላ ቁልቁለቱን ጀመርን።