የጋዜጠኛው ለቅሶ

ጉድ ያደረገኝ ዲኬተር ከተማ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ግቢው አውጥቶ በሚሸጥበት ያርድ ሴል ላይ የገዛሁት ሥዕል ነው። ጺሙን ያበጠረ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ብዕር የጨበጠ ፈረንጅ። ፍሬሙ ላይ ጋዜጠኛ እንደነበረና ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ተጽፏል። ኩራቱ ደስ ብሎኝ ገዛሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቶኒያ ቤቴ አስገብቼው፣ ሚስማር እስካገኝ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ባለቤቴ ከሥራ ያመጣችው አበባ አጠገቡ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ገቡ። ሥዕሉን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ወይኔ ልጄን! ወደዚህ አገር ያመጡህ ስፖንሰርህ ናቸው አይደል? መቼ አረፉ?»

«ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ...»

«ዝም ብለህ አልቅስ፣ ይውጣልህ!» አሉና እያለቀሱ ስልካቸውን አወጡ።

በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሳሎናችን በለቀስተኛ ተጨናነቀ። ከሎረንስቪል ድረስ ሥራ ካንስል አድርገው የመጡ አሉ። ንፍሮው በትሪ ይዞራል። ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዱ አቅፎኝ ይንሰቀሰቃል። ባለቤቴ ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች፤ እሱንም እንደ ለቅሶ ቆጠሩላት። አሁን እውነቱን ብናገር የሚወርድብኝ ስድብ ታየኝና ንፍሮዬን ማኘክ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ወርቁ መጡ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ሳያነቡ አይፈርሙም። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ፤ ጽሑፉንም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አለቀልኝ አልኩ።

ቀና ብለው እንባቸውን ጠረጉ።

«አይ ሰው መሆን! ባለፈው ሳምንት እንኳ ዲኬተር አግኝተውኝ፣ ልጁን አደራ ብለውኝ ነበር።»