እቤት ያለነው አራት ነን

ከኢዲዶ የወጣሁት አመሻሹ ላይ ነው፤ ዲላ አድሬ በማለዳው አውቶቡስ ልሳፈር። አባቴ ሻንጣዬን ሞተር ሳይክሉ ላይ ሲያስር እናቴ የተሰጣውን ቡና ታገላብጣለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«ስትመለሺ በሩን ግፊው፤ አልቆልፈውም» አለችኝ፣ ጪጩ ገበያ ደርሼ የምመጣ ይመስል።

ለታላቅ ወንድሜ ለታሪኩም ያኔ እንዲሁ ነበር ያለችው። እሱ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው የሄደው። ከኬንያ አንድ ቀን ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ድምፁ የለም። እኔ ደህና ነኝ፣ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። በኦፔር ቪዛ፣ ጀርመን አገር ሰው ቤት ልጆች ልጠብቅ።

ኤምባሲ ውስጥ ለቪዛው የጠየቀችኝ ሴትዮ «ዓመቱ ሲያልቅ ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

«እመለሳለሁ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ትንሽ አየችኝና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

እዚህ በክረምት በአስር ሰዓት ይመሻል። ከቀኑ አስር ሰዓት ነው የምላችሁ፤ እኛ ጋ ተማሪ እየተጯጯኸ ወደ ቤቱ የሚመለስበት። መንገዱ በሙሉ ይበራል፣ መስኮቱ ሁሉ ይበራል፣ ሰው ግን አታዩም። እራት ቀዝቃዛ ዳቦ ነው፤ ብሮት ይሉታል። ትኩስ ቆጮ በጎመን እያሰብኩ አኝከዋለሁ።

የልጆቹ እናት ካትሪን ትባላለች። በየጠዋቱ የክፍሌን መስኮት ትበረግደዋለች፤ ሉፍተን ይሉታል።

«ካትሪን፣ ውጭ እኮ በረዶ ነው።»

«ቤቱ መተንፈስ አለበት።»

«እኔስ?»

«አንቺ ጃኬት አለሽ።»

ካትሪን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ ነው የምታጠናው። አንድ መንደር ከሰላሳ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሚኖር ሰዎቹን ያስተርካሉ፤ ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል፣ በምን ያበስላል። ከዚያ ትረካውን ወደ ቁጥር ለውጠው ኮምፒውተር ውስጥ ይከቱታል፤ እሱ በየሰዓቱ ስንት መብራት እንደሚያስፈልግ ያሰላል። «ሥራዬ ወሬና ቁጥር ማጋባት ነው» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ማዳመጫ ሰጠችኝ። «ካንቺ አካባቢ የተቀዳ ነው። በጌዴኦኛ ነው፤ ትርጉሙ ልክ መሆኑን ስሚልኝ።»

ሦስተኛው ቅጂ ላይ መጀመሪያ ዶሮ ጮኸች፣ ቀጥሎ እናቴ ተናገረች። ስም የለውም፤ ቤት አስራ ሰባት ነው የሚለው።

«እቤት ስንት ሰው ያድራል?» ይላል ጠያቂው።

«አራት።»

«ከሰላሳ ዓመት በኋላስ?»

«አራት ነና። ማን የት ይሄዳል?»

እቤት ያሉት ሁለት ናቸው፤ እሷና አባቴ። እኛ ሰፈር ግን የሄደን ሰው ከቁጥር አያወጡትም። ያወጡት ቀን ቀበሩት ማለት ነው። ጠያቂው ይህን ከየት ይወቅ? አራት ብሎ ጻፈ፤ ጎረቤት ሁሉ ዘንድም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ካትሪን ኮምፒውተሯን አዞረችልኝ። «ችግሬን እይው። ለጥናቱ የተከልንላቸው ሶላር ቆጣሪ አለው፤ የሚያሳየው የሁለት ሰው መብራት ነው። ትረካው ደግሞ አራት ይላል። የቀሩት ሁለቱ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የሚያመሹት?»

ስክሪኑ ላይ ቤት አስራ ሰባት ውስጥ አራት ነጥቦች አሉ። ምሽት ሲሆን ሁለቱ ቢጫ ይሆናሉ። ሁለቱ ግራጫ እንደሆኑ ይቀራሉ። ዓመቱን ወደፊት ገፋችው፤ አስር ዓመት፣ ሃያ ዓመት። ግራጫዎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። አንዷ እኔ ነኝ። አጠገቤ ታሪኩ ነው።

«እናቴ ናት» አልኳት።

ካትሪን እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። «ታዲያ ስንት ናችሁ?» አለች።

«ነገ ልንገርሽ።»

«ሁለት ከሆናችሁ ሁለት ብዬ አስተካክለዋለሁ። ቁጥር እኮ ነው፤ ማንም አይነካም።»

ለእናቴ ደወልኩ። ሁለት ነን ልላት ነበር የደወልኩት። የወንድሜን አለመኖር ከኔ አፍ እንድትሰማው፣ አንድ ሰው ሊለው ስለሚገባ።

«እማዬ፣ ስለ መብራት የሚጠይቁ መጥተው ነበር?»

«መጥተው ነበር። ምነው፣ አንቺ ጋ ደረሰ?»

«ደረሰ። አራት ነን አልሻቸው?»

«ታዲያ ስንት ነን?»

«እዚህ ማሽን ውስጥ ቤታችን አለ» አልኳት።

«ይታያል?»

«ይታያል።»

«እስቲ ማሽኑ ስንት ሰው አለ ይላል?»

«አራት።»

ከዚያ ስታወራ ሰማኋት፣ ከኔ ጋር ግን አይደለም፤ «አንተ፣ ና። ልጁ፣ ታሪኩ፣ አለ። ጀርመኖቹ በማሽን አይተውታል።»

እማዬ፣ ያ እኮ ያንቺው ቃል ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ተንኮሻኮሸ፣ አባቴ ቀረበ።

«ልጄ» አለኝ፤ «ምን ለብሷል?»