ትኩሳት የማይይዘው ስንዴ

ታናሿ ልጄ ወንዝ ዳር ስንዴ ልትዘራ ነው ሲሉኝ ሳቅሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ስንዴ! እኔ ስንዴ የማውቀው ጎንደር ደጋው ላይ፣ የጠዋት ጤዛ እግር በሚቆርጥበት አገር ነው። እዚህ ያለው ሰሊጥና ማሽላ ነው። ስንዴማ ዳቦ ቤት በር ላይ ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ነው፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰልፉ ረዝሞ ዳቦው አንሷል።

እኔ አንድ ቦታ አልቀመጥም። እግሬ ያሳክከኛል። ከተማ ወንዱ ልጄ ዘንድ አንድ ወር፣ መንደር ስምንት በሚሉት ሰፈር የእህቴ ልጅ ዘንድ ጥቂት ሳምንት፣ ከዚያ ደግሞ ወንዝ ዳር ታናሿ ዘንድ። «እናቴ ፌስታሏን ከግድግዳ ካወረደች የሚይዛት የለም» ትላለች ታናሿ። እውነቷን ነው። ያን ጊዜም ስንዴውን ልይ ብዬ ፌስታሌን አወረድሁ።

ይቺ ልጄ ክረምት በገባ ቁጥር ቁረይሻ እየወረደች የሰው ሰሊጥ ስታርምና ስታጭድ ነው የኖረችው። ባሏ ፋሽጋ ወርዶ ትራክተር ይነዳል፤ ልጆቹን ጎረቤት ላይ ጥለው ሁለቱም ይሄዳሉ። ወገቧ አለቀ። ከቤቷ አጠገብ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ አሉ፤ ሐጅ ነው የምንላቸው። እሳቸው ናቸው ከወንዙ ዳር ቁራጭ መሬት የሰጧት። ሲሰጧት ግን እንዲህ አሏት፦

«ሁለት ሽታ ሞክሪው። ስንዴው ከሆነ መሬቱ እጅሽ ላይ ይቆያል። ካልሆነ ወደ ሽንኩርቴ እመልሰዋለሁ።»

ሽታ የሚሉት ብርዱን ወራት ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን። እነሱ ብርድ ይሉታል፤ እኔ ነጠላዬን ጥዬ ነው የምውለው። እንግዲህ ልጄ ሁለት ሽታ ነበራት። መሬቱ እጇ ላይ ከቆየ ከራሷ ስንዴ ዳቦ ጋግራ ልጆቿን እያየች ትኖራለች። ካልቆየ ቁረይሻ ነው።

ዘሩን ያመጣችው አንዲት የእርሻ ባለሙያ ናት። እናት አባቷ ከእኛው አገር ተሰደው የመጡ ናቸው፤ እሷ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ እኔንም አንቺ ነው የምትለኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች አንቱን አያውቁትም፤ አልቀየማትም። ሙቀት ይችላሉ የተባሉ ስድስት ዓይነት ዘር ይዛ መጣች። መሬቱን ለስድስት ከፈልነው፤ በየዳሩ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተከለች።

«እማማ፣ የትኛው እንደሚሻል አንቺም ምረጪ፤ ቁጥሩን እያየሽ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ።

«እኔ ቁጥር የት አውቄ!» አልኋት። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይኼንንም እኔ እያወራሁ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ስለዚህ ስም አወጣሁላቸው። አንዱ ቁመቱ መለሎ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ ቀና የሚል ነበርና ሙሽራው አልሁት። አንዷ ደግሞ አጭር ሆና ሳለ ከሁሉ ቀድማ ዛላ አወጣች። እሷን ችኩሏ አልኋት። የቀሩት አራቱም ስም ነበራቸው፤ አሁን ተረስቶኛል።

በእኛ አገር ዘር መርጣ የምታስቀምጥ ሴት ናት። እናቴ አጨዳ ሊደርስ ሲል ማሳው ውስጥ ትገባና ረዥሙን፣ ዛላው የደለበውን፣ ከጓደኞቹ ዘግይቶ የሚደርሰውን እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረው ነበር። «የዘገየ ይወፍራል» ትላለች። ቀድሞ ቢጫ የሚሆነውንማ በጥርጣሬ ነው የምታየው። ደጋ ላይ ሌላው ለምለም ሆኖ ሳለ አንዱ ወገን ቢጫ ካለ፣ ዋግ መትቶታል ማለት ነው፤ ሳይዛመት መንቀል ነው።

ጥር አጋማሽ ላይ ልጄ ገበያ ሄዳ እኔ ማሳውን እየዞርሁ ነበር። ሙሽራው አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጓል። ሌሎቹም ደህና ናቸው። ችኩሏን ባያት ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆናለች።

«ኧረ ጉድ! ዋግ ገባብን» አልሁ። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ መንቀል ጀመርሁ። እስከ ቀትር ጨረስሁት። ለጎረቤት ፍየሎች ወረወርሁላቸው፤ እንዴት እንደበሉት! ልጄ ስትመለስ በኩራት ነው የነገርኋት።

«በሽታ ገብቶብሽ ነበር፤ ነቅዬ ገላገልሁሽ።»

«እናቴ፣ ባለሙያዋን ሳትጠይቂ?»

«ዋግ ለመንቀል ነው ባለሙያ የምጠይቀው? ከእናቴ ጋር ስነቅል ነው ያደግሁት!»

እኔም ደስ ብሎኝ በሳምንቱ መንደር ስምንት ሄድሁ፤ የእህቴ ልጅ ወልዳ ነበር።

ስመለስ የካቲት አልቋል። ሙቀቱ በዚያ ዓመት ቀድሞ ነው የገባው፤ አየሩ እንደ ዳቦ ቤት እቶን ፊት ይለበልባል። ሙሽራው ቆሞ ደርቋል። ዛላው ያው ረዥም ነው፤ በመዳፌ አሽቼ እፍ ስለው ግን ገለባው በረረና ፍሬው እንደ ጥፍር ቁራጭ ቅጥን ብሎ ቀረ። ሌሎቹም ከእሱ ብዙ አይሻሉም። ባለሙያዋ እንጨቶቿን እያየች መጣችና ባዶው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አምስት ቁጥር የት ሄደች?»

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ወንዙን አየሁ።

«ፍየል በላት» አልሁ።

«ፍየሉን ማን አስገባው?»

«ፍየሉ አልገባም። እኔ ነኝ አውጥቼ የሰጠሁት።»

ትልሙ ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ወላሂ እማማ! ቢጫ የሆነችው እኮ ታማ አይደለም። ጨርሳ ነው! ሙቀቱ ሳይመጣ ፍሬዋን ሞልታ ጨርሳ ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ሌላ ዘር ታመጣ እንደሆን ብጠይቃት፣ መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቷል፤ ከዚያች በቀር አልነበረኝም አለች። ሐጁ አህያቸው ላይ ሆነው መጡ፤ የደረቀውን ሙሽራ አዩ። «አንድ ሽታ ቀራችሁ» ብለው ብቻ ሄዱ። ልጄ ቁረይሻ የምትይዘውን ማጭድ አውጥታ ትስል ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የነቀልሁበት ቦታ ገብቼ በአራት እግሬ ሄድሁ። የእሾህ አጥሩ ሥር፣ የውኃ መሳቢያው ጎማ አጠገብ፣ እጄ ያልደረሰበት ቦታ፣ ጥቂት የችኩሏ ዛላዎች ቆመው አገኘሁ። እሾሁ ክንዴን ቦጨረው፤ ግድ አልሰጠኝም። ሳሸው ፍሬው ክብ፣ ጢም ብሎ የሞላ ነው። ቢበዛ ሁለት እፍኝ ይሆናል። ከሌሎቹ ደግሞ ከልጄ ጋር ሰፌድ ይዘን ተቀመጥንና ከቀጫጫው መሃል ወፈር ወፈር ያለውን አንድ በአንድ ለቀምን። ሦስት ቀን ፈጀብን። በአመድና በደረቀ የኒም ቅጠል አድርጌ እንስራ ውስጥ ከተትሁት።

ያን ዓመት የትም አልሄድሁም። ልጄ ክረምቱን ቁረይሻ ስትወርድ ልጆቹንም እንስራውንም እኔ ጠበቅሁ። ከመንደር ስምንት «ታመሽ ነው እንዴ?» ብለው ላኩብኝ።

ሁለተኛው ሽታ ሲመጣ ኅዳር እንደገባ ዘራን። ችኩሏን ለብቻዋ ጥሩው ትልም ላይ፣ የተለቀመውን ድብልቅ በቀረው ላይ። ችኩሏ እንደ ልማዷ በጥር ቢጫ መሆን ጀመረች። ልቤ ያውቀዋል፤ እጄ ግን አላመነም። በአጠገቧ ሳልፍ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ነበር የማልፈው። ልጄ ከሩቅ እያየች ትስቃለች። «እናቴ፣ ገመድ ላምጣልሽ?»

አንድ ቀን የካቲት ላይ፣ ቀትር ጠንከር ብሎ ሳለ፣ በድብልቁ መሃል ስሄድ የአንዱ ቅጠል የእጄን ጀርባ ነካኝ። ቀዝቀዝ አለኝ። ቆምሁና አጠገቡ ያለውን ዳሰስሁ፤ እሱ ይተኩሳል። ሕፃን ሲያመው ግንባሩን በእጃችን ጀርባ እንደምንዳስሰው ሁሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሬ ቀትር ቀትር ስንዴውን መዳሰስ ያዝሁ። ውኃው ለሁሉም አንድ ነው፣ ፀሐይዋም አንድ ናት፤ አንዱ ግን ትኩሳት ይይዘዋል፣ አንዱ አይይዘውም። ቀዝቃዛው ላይ ቀይ ክር አሰርሁ።

«እሱንስ መርፌ አስወጊው» ትላለች ልጄ። «ለዚያኛው ደግሞ ጠበል አምጪለት።»

ባለሙያዋ ግን ስትመጣ አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ሽጉጥ የሚመስል ነገር አወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ልትተኩሺበት ነው?»

«ትኩሳት መለኪያ ነው እማማ። እኛም የምንሠራው ይኼንኑ ነው። ሥሩ ጠልቆ የሚጠጣ ስንዴ ቅጠሉ አይግልም።»

እኔ እየዳሰስሁ እሷ እየለካች ማሳውን ዞርነው። ብዙው ላይ ተስማማን። ሁለቱ ላይ እኔ ቀዝቃዛ ያልሁትን ሽጉጧ ትኩስ ነው አለ። ደመና ጋርዶት ነበር ብዬ ተከራከርሁ፤ ሰማዩ ላይ የጥጥ ያህል ደመና አልነበረም። ሁለቱን ክሮች ፈታሁ።

ሙቀቱ በሰዓቱ መጣና ከድብልቁ ግማሹን ለበለበው። ችኩሏ ግን ያን ጊዜ ታጭዳ ጎተራ ገብታ ነበር፤ ክር ያሰርሁባቸውም አብዛኞቹ ፍሬያቸውን ሞልተው ደረቁ። ሐጁ ልክ በአውድማው ቀን መጡ። ልጄ ስንዴውን የምታናፍስበትን ላይዳ ይዛ ቀረች። እሳቸው ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ስንዴ አነሡ፣ እፍ አሉት፣ አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። ያኝካሉ፣ ያኝካሉ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ጊዜ ወሰደባቸው። በመጨረሻ ከአፋቸው አውጥተው በሁለት ጣት ሳቡት። እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ አልተበጠሰም።

«ስንዴ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው፣ «ዘር ትሰጪኛለሽ?»

«መሬቱስ ሐጅ?» አለች።

«መሬቱማ እጅሽ ላይ ነው፤ ስለ መሬት ማን አወራ? እኔ የጠየቅሁሽ ዘር ነው።»

ልጄ የሰጠቻቸውን ብዛት አይቼ፣ ከእናትሽ ያልወረስሽውን ቸርነት ከየት አመጣሽው ብያታለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ የሠራተኛው መኪና እንደ ወትሮው መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ሴቶቹ ከላይ ሆነው «ነይ እንጂ፣ ቁረይሻ ጠበቀሽ!» እያሉ ይጣራሉ። ልጄ ደጃፍ ላይ ዱቄት እየነፋች ነበር፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ወንፊቱን ሳታስቀምጥ ቀና አለችና፣ «ስትመለሱ ዳቦ ከእኔ ግዙ!» አለቻቸው።