ሥሩን የሚመግበው ቅጠል

እትዬ አልጣሽ ቦንጋ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ፊደል የቆጠረችው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቀረውን ያስተማራት ሰሌዳ ነው። ከመደምሰሷ በፊት እያንዳንዱን መስመር ታነብባለች። ባለፈው ማክሰኞ የባዮሎጂው መምህር ደምመላሽ ትልቅ ቅጠል ሥሎ ነበር፤ ፀሐይ ከላይ፣ ውሃ ከሥር፣ አየር ከጎን። ቅጠል በብርሃን ኃይል ምግብ ይሠራል፣ የተረፈውን ወደ ግንድና ወደ ሥር ይልካል ይላል ጽሑፉ። አልጣሽ ዳስተሯን ይዛ ቆማ፣ «ተመስገን፤ ለካ ያለ እሳት የሚያበስልም አለ» አለች።

ቅዳሜ የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ በጓሮዋ የተከለቻቸው ስድስት እንሰቶች ተመልምለው ጠበቋት። አራት ዓመት ያሳደገቻቸው፣ በሚመጣው ዓመት ተፍቀው ለቤቷ ቆጮ የሚሆኑ ናቸው። ከመሐል ከተጠቀለለው ለጋ በቀር አንድ ቅጠል አልቀረላቸውም። ቅጠሎቹ ከአጥሩ ማዶ ለወላጆች በዓል በተሠራው ዳስ ላይ ተነጥፈዋል።

ነጠላዋን እንዳጣፋች ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባች።

«ማን ነው የቆረጠው?»

መምህር ደምመላሽ ማጭዱን እንደያዘ ፈገግ አለ። ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። «እኔ ነኝ እትዬ። ላስፈቅድዎት መጥቼ ቤት የሉም። ደግሞ የሚበላው ከታች ያለው አይደል? እሱን ማንም አልነካብዎትም።»

«የሚበላውን እታች ማን አስቀመጠው?»

«እንዴት?»

«ማክሰኞ የጻፉትን የደመሰስኩት እኔ ነኝ፣ መምህር። የሚያበስለው ቅጠሉ ነው ብለዋል። አብሳዩን ገድለው ድስቱን አልነካሁም ይሉኛል?» አልጮኸችም፤ በእጇ ዳሱን አመለከተች። «ለአንድ ቀን ጥላ የዓመት ምግቤን ቆረጡት። እኛ ብንቆርጥ እንኳ ከታች ያረጀውን ነው።»

መምህሩ ቀና ብሎ ዳሱን አየ። ማጭዱን መሬት አስቀመጠ። «አላሰብኩትም» አለ።

«ማወቁንማ ያውቁታል። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።»

ሰኞ ከሰዓት ክፍሉን ልታጸዳ ስትገባ ሰሌዳው ላይ እንሰት ተሥሏል፤ ቅጠል ያለውና የሌለው፣ ጎን ለጎን። ቅጠል ከሌለው ሥር፣ «ለመድረስ አንድ ዓመት ይዘገያል፤ ጥፋቱ የመምህሩ ነው» ይላል።

ደግማ አነበበችው። ንዴቷ አልበረደም፤ ይቅርታ ቅጠል አይሆንም። ሥዕሉን ግን ሳትደመስሰው ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ከስድስቱ በአንዱ ላይ ያ የተጠቀለለ ለጋ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«በርታ» አለችው።