ልጇን «እርስዎ» ያለች እናት

አዲስ አበባ ሳለሁ ተዋናይት ነበርኩ። ቶሮንቶ ከመጣሁ ወዲህ ኑሮዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያንን መርዳት ሆነ፤ መድረክ የምወጣው የማኅበረሰባችን በዓል ሲኖር ብቻ ነው። እዚያ ያየችኝ አንዲት አዘጋጅ አንድ ቀን ኮል አደረገችልኝ። ከዌልስ የመጣ አዲስ ተውኔት ልታዘጋጅ ነው፤ ጸሐፊዋም ለልምምዱ እዚሁ ከተማ ገብታለች።

ታሪኩ የአንዲት ገበሬ እናት ነው። መርሳት ጀምሯታል፤ ከተማ የምትኖረው ልጇ ልታስታምማት ትመጣለች። እናት በዌልሽ ትናገራለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ጸሐፊዋ እንደነገረችን እነሱ አገር በሁለቱ ቋንቋ አንድ መድረክ ላይ መናገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ከተመልካቹ ብዙው ሁለቱንም ይሰማል። ቶሮንቶ ላይ ግን ዌልሽ የሚሰማ ተመልካች ከየት ይመጣል? ስለዚህ እናትየዋን እኔ እንድሠራት፣ ንግግሯንም በአማርኛ እንድናደርገው ፈለገች።

እኔ ቅር አለኝ። ቋንቋዋን ከገዛ ተውኔቷ አውጥታ የእኔን ስትተካ አይከፋት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ይከፋኛል» አለችኝ። «ግን እናትየዋ ማንም ሳይሰማት ብቻዋን ከምታወራ ይሻላል።»

ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን መሥራት ጀመርን። እሷ በዌልሽ ታነባለች፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እናትየዋ ልጇን «ማን ነሽ?» የምትልበት ቦታ ስንደርስ አስቆመችኝ። በአማርኛ የምናከብረውንና የምንቀርበውን ሰው የምንጠራው በአንድ ቃል ነው ወይ አለችኝ። «አንቺ» እና «እርስዎ» እንደሚለያዩ አስረዳኋት። ፊቷ በራ። በዌልሽም «ቲ» እና «ኺ» አለ። እናትየዋ ልጇን ዕድሜዋን ሙሉ «ቲ» ስትላት ኖራ፣ እዚያች ቦታ ላይ በድንገት «ኺ» ትላታለች።

«በእንግሊዝኛ ሲሠራ ይኼን የሰማ ሰው የለም» አለችኝ። «እኔን እንደዚያ ያለኝ አባቴ ነው፣ መርሳት ጀምሮት ሳለ።»

ተውኔቱን ማሳየት ጀመርን፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐበሾች ተሰብስበው ሊያዩን መጡ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ አብረውኝ የሚኖሩ ጎረቤቴም ነበሩበት፤ እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን ከጠፉ ሰንብተዋል፤ ስንጠይቃቸው እግሩን ያመዋል ይሉናል።

ቦታው ደረሰ። ልጄን የምትሠራዋን ወጣት ትክ ብዬ አየሁና «እርስዎ የማን ልጅ ነዎት? ይግቡ እንጂ፣ ውጪው ብርድ ነው» አልኳት። ፈረንጆቹ ዝም ብለው ያያሉ። ሐበሾቹ ከተቀመጡበት በኩል ግን ከብዙ ሰው ደረት አንድ ላይ የወጣ ትንፋሽ ሰማሁ።

ሲያልቅ ሰዉ ወጣ፤ እትዬ አልተነሡም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ጸሐፊዋም መጣች።

«ባለቤቴ እኔንም እርስዎ ማለት ከጀመረ ቆየ» አሉኝ። «ሻይ ስሰጠው ብድግ ብሎ ነው የሚቀበለኝ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። አክብሮቱ ነው ያቃተኝ።»

ለማንም አልተናገሩም ነበር። ለጸሐፊዋ አስተረጎምኩላት። እጃቸውን ያዘችና፣ ለባላቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ እንድጠይቅላት ለመነችኝ።

«መጀመሪያ ሚስትህ ነኝ እያልኩ አለቅስ ነበር፤ እሱ ይደነግጣል» አሉ። «አሁን እኔም አንቱ እለዋለሁ። እንግዳ መስዬ ስለ ልጅነቱ እጠይቀዋለሁ። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ያጫውተኛል።»

ይህንንም ለጸሐፊዋ ነገርኳት። ከዚያ ያሉትን ተውኔቱ ውስጥ ማስገባት ይፈቅዱላት እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ትንሽ አሰቡና፣ ስሙ ካልተነሣ ይሁን አሉ። በጽሑፉ ልጅየዋ እዚያ ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ እየጮኸች ስሟን ትናገር ነበር። ወጣቷ ተዋናይት አማርኛ አትችልም፤ ልምምድ ገባንና ቃል በቃል አስጠናኋት። በሚቀጥለው ጊዜ ስናሳይ «ይግቡ» ስላት ጎንበስ ብላ፣ በተሰባበረ አንደበት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎስ ደኅና ነዎት?» አለችኝ። እኔም ሚናዬን ረስቼ ጎንበስ ብዬ «እግዜር ይመስገን» አልኳት።

ጸሐፊዋ አገሯ ከተመለሰች በኋላ በዌልሹም እንደዚያው እንዳስተካከለችው ነግራኛለች። እትዬም መደበቁን ትተዋል። እሑድ እሑድ ሺፍቴን ጨርሼ እሳቸው ቤት እገባለሁ፤ እኔ ከባለቤታቸው ጋር ስጫወት እሳቸው ነጠላቸውን ደርበው ሰንበቴ ይሄዳሉ።