አፏን እንደከፈተች

ዲላ ውስጥ የሟች ፎቶ ሲጠፋ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ ይኼ ሌላው ሥራ መቼ እንደተጣበቀብኝ አላውቅም። ከሠርግ፣ ከስብሰባ፣ ከቡና ለቀማ ካነሳኋቸው ውስጥ የሟቹን ፊት ፈልጌ፣ አሳድጌ አትሜ፣ ለቅሶው ሳይበተን አደርሳለሁ። ኮንጋ ድረስ በሞተር፣ ወርቃ ድረስ በጭነት መኪና ሄጃለሁ። አልቃሽ ፎቶውን ከፍ አድርጋ ካልያዘች፣ ሰዉ በደንብ ያለቀሰ አይመስለውም።

ታዲያ የእኔዋ ባለቤት ስትሞት ዘመዶቿ ፎቶ ጠፋ ብለው ቢሯሯጡ ማን ያምናል? ካሜራ ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ፣ "እኔን ተወኝና ሰው አንሳ!" ነበር የምትለኝ። በሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ እንዳቀረቀረች ነው።

በቀብሯ ማግስት ታላቅ ወንድሟ አንድ ነገር አሳድጎ፣ በመስታወት አስገብቶ መጣ። የመታወቂያዋ ፎቶ! ወይ ጉድ! ዓይኗ ፈጥጧል፣ ከንፈሯ ተጣብቋል፤ ዶሮ ስትሰርቅ የተያዘች ነው የምትመስለው።

"ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አልኩት።

"አትቀልድ። ጨዋ ፎቶ ነው።"

"እኔ ያገባሁት ይቺን አይደለም" አልኩና መኝታ ቤት ገብቼ፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩትን አውርጄ ይዤ ወጣሁ።

ያቺ ፎቶ የተነሳችው ሰፈራችን ውሃ የጠፋ ጊዜ ነው። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ለጋዜጣው ላነሳ ሄድኩ። ሰብሳቢው መድረክ ላይ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ "የውሃው ጉዳይ በሂደት ላይ ነው" ሲል ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ሂደት ይጠጣል እንዴ?" አለች። ድምፁን የማላውቀው ይመስል ዞርኩ። ሚስቴ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥላ፣ ጣቷን ወደ መድረኩ ቀስራ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ ቆማለች። ለመድረኩ ጀርባዬን ሰጥቼ እሷን አነሳሁ። ጋዜጣው ያወጣው ባለክራቫቱን ነው፤ ይበላቸው! ቤት ስንገባ ግን በትዳር ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "እስቲ አሳየኝ" አለችኝ። አይታ አይታ ከት ብላ ሳቀች። "በቃ፣ ይቺ ነኝ!" አለች።

ወንድሟ ፎቶውን ሲያይ ደሙ ፈላ።

"ሰው ምን ይላል? ሴት ልጅ እንዲህ አፏን ከፍታ! ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?"

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውንስ አንተ አልሰማህም?"

"እህቴን የሰው መሳቂያ አታድርጋት!"

እዚህ ላይ እኔም ነደደኝ። "በሕይወት እያለች ቀስ በይ፣ ዝም በይ ስትሏት ኖራችሁ፤ አልሰማቻችሁም። አሁን መመለስ ሲሳናት ልትለጉሟት ነው? ምን ሲደረግ! የስንቱን ሰው ሟች አሳድጌያለሁ፤ ያልነበረውን ሰው አስመስዬ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። በገዛ ሚስቴ ልጀምር?"

ልጃችን መሀላችን ገባችና አጎቷ ያመጣውን ፎቶ በሁለት እጇ፣ በትሕትና ተቀበለችው። ወስዳም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። የእናቷ ልጅ!

የእኔን ከድንኳኑ ፊት አቆምኩት። መጀመሪያ የደረሱት ከጪጩ የመጡ ለቀስተኞች ናቸው። ቡና ስትለቅም ያነሳኋት አንዲት የጌዴኦ እናት ፎቶውን ስታይ፣ "ውይ! ይሄ ነው እሷ! አሁን ይናገራል!" አለችና ሳቅ አመለጣት። ከኋላዋ ያሉትም ሳቁ። ለቅሶ ቤት ሳቅ! የሚስቴ ወንድም ከተቀመጠበት ሆኖ አፈጠጠብኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ለካ መሳቂያ አደረግኳት ብዬ ደነገጥኩ። ቢሆንም አላነሳሁትም።

ከዚያ የሰፈራችን ሴቶች ገቡ። አንዷ ፎቶውን አንስታ ደረቷን እየደቃች፣ "አፋችን ነበርሽ፣ ማን ይናገርልን!" ስትል ድንኳኑ በለቅሶ ተናጋ። ሲስቁ የነበሩትም ተንሰቀሰቁ። ወንድሟ ብድግ ብሎ ሰዉን እየገፋ መጣ። ሊቀማት ነው ብዬ ፊቱ ተገተርኩ። በክንዱ ገፍቶኝ አለፈ፤ ፎቶውን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቀ። ከራሱ በላይ አንስቶ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማው ጮኸ።

"ንገሪያቸው እህቴ! ንገሪያቸው፣ ዝም እንዳትይ!"